ካርታ ሠሪውና ጎርፍ የወሰደው ድልድይ

አንድ ካርታ ሠሪ ነበረ። አንተ፣ «የኔታ፣ ይህ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የምመልሰው የመድኃኒት መጽሐፍ የሌላ ሰው ድካም ነው፤ ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ ይባላል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

በአንድ የመሬት ቢሮ የተከማቸ የቅየሳ ሥራ ነበረ። ቀያሾች ለዓመታት በፀሐይና በዝናብ ተንከራተው መንገዱን፣ ወንዙንና ማሳውን ለክተዋል፤ ልፋታቸው ግን ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ሰውየው ይህንን ሁሉ ማንም በስልኩ በነፃ በሚያየውና በሚያርመው ክፍት ካርታ ላይ ሊያወጣው ፈለገ። ሁለት ዓመት ደጅ ጠና። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ሰጡት።

የቀረው ቀላል ይመስልሃል፤ ለባልደረቦቹም መስሏቸው ነበር። መረጃውን እንዳለ ካርታው ላይ ሲያፈስሱት ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ገበያውም ገደል አፋፍ ላይ ወጣ። ቀያሾቹ ተሳስተው አይደለም። እነሱ የለኩት ጥንት ከተወሰነ መነሻ ነው፤ የክፍቱ ካርታ መነሻ ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ሰውየው ያንን ልዩነት አስልቶ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ወር ዓይኑ እስኪቀላ ሠራ። በዚህ ቢያበቃ እንኳ እኔ በበኩሌ አደንቀው ነበር።

ሊያስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን አንዲት መስመር አላስኬድ አለችው። በክፍቱ ካርታ ላይ ቀድማ የተሣለች ጠማማ መንገድ ናት። የሣለቻት ዝማም የምትባል የዚያ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትሆን፣ ከስሟና ከሥራዋ በቀር ሰውየው አያውቃትም። በቢሮው መረጃ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወንዙን በድልድይ ይሻገራል። የዝማም መንገድ ደግሞ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ይታጠፍና ወደ ታች ወርዶ ይሻገራል።

«ምን ታመነታለህ? የእሷን ደምስሰው!» አሉት ባልደረቦቹ። «ማኅተም ያለበትን ትተን የአንዲት ሴት ስልክ ልናምን ነው? ዓርብ እኮ የቢሮው ኃላፊዎች ሊረከቡ ይመጣሉ!»

ለዚያ ወረዳ አዲስ አምቡላንስ ተሰጥቷል። ሾፌሩ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ የሚሄደው በካርታው ነው። ሰውየው ይህን ሰምቷል። ከሁለቱ መስመሮች የትኛው ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት እንደሚያደርሳት አላወቀም፤ አላውቅም ማለትም አላሳፈረውም። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ አውቶቡሱ ካበቃበት ለአራት ሰዓት ያህል በእግሩ ተጓዘ። በጤና ኬላው ጠይቆ ዝማምን አገኛትና አብረው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ግራና ቀኝ ቆመው የቀሩ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ። በመካከላቸው ምንም የለም።

«ድልድዩን አምና ክረምት ላይ ጎርፍ ወሰደው» አለች ዝማም። «አሁን የምንሻገረው ከታች፣ በመልካው ነው። ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ ሥሩም ድንጋይ ስለሆነ መኪና አያሰምጥም። እርስዎን ግን ማን ላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም። መስመርዎን ልደመስሰው ስል ፈርቼ ነው የመጣሁት» አላት።

ዝማም ሳቀች።

ሰውየው ተመልሶ የቢሮውን መንገድ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆረጠው፤ ድልድዩንም ከካርታው ሰረዘው። የዝማምን መንገድ አልነካም። በየመስመሩም ከማን እንደተገኘ ጻፈ፤ የቀያሾቹን ለቢሮው፣ የእሷንም ለእሷ። የራሱን ስም የትም አላስገባም። ዓርብ አልፎ ስለነበር ኃላፊዎቹ አብጠለጠሉት፤ ችሎ ሰማቸው። ወር ሳይሞላ አንዲት እናት ምጥ ይዟት በአምቡላንሱ በዚያ መልካ ተሻገረች፤ ሐኪም ቤትም ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ሾፌሩ ሰውየውን እስከ ዛሬ አያውቀውም።

እንግዲህ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። የጥንቱ ጸሐፊ ቀያሹ ነው፤ መጽሐፉን ነገ አምኖ የሚይዘው አንባቢም ሾፌሩ ነው። አንተ በሁለቱ መካከል ነህ። የዚያ ዘመን ሰው የተነሣበት እኛ ከምንነሣበት ይለያል፤ ቃሉን እንዳለ ብታፈስሰው አንባቢህን ወንዝ ውስጥ ትከተዋለህ። ደግሞ ምን ሠራሁ ትለኛለህ! ዕድሜ ቢሰጠኝ እኔ እቀማህ ነበር፣ ይህን ሥራ። ነገር ግን ትናንት ያሳየኸኝን ገጽ አንብቤዋለሁ። የመድኃኒቱን መጠን የሚናገሩት ሁለት መስመሮች ከብደውህ በግምት ሞልተሃቸዋል። ነገ በጠዋት ተነሥና ዕፀዋቱን የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ጠይቅ። ያንን መድኃኒት የሚጠጣ ሰው አለ።