የአውቶቡሱ አዲስ ስም

አቶ ድልነሳሁ የአውቶቡሳቸው ስም ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ቢጠፋ፣ ሞተሩን ማሠራቱን ትተው ስሙን ቀየሩት። ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም «መብረቅ ማመላለሻ» ብለው አስጻፉና በገበያ ቀን ተሳፋሪውን ሰብስበው፣ «ከዛሬ ጀምሮ በድሮ ስሙ የጠራው ሰው አይሳፈርም» ሲሉ አወጁ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዲት ምላሷ የሰላ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። አቶ ድልነሳሁ እሷ አዲሱን ስም በሕዝብ ፊት ካመሰገነችልኝ የሌላው ዕዳው ገብስ ነው ብለው አሰቡና ወደ ፊት ጠሯት።

«እስቲ አንቺ ተናገሪ፤ አዲሱን ስም እንዴት አየሽው?»

«ኧረ ገና አላየሁትም፣ ጌታዬ» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

አቶ ድልነሳሁ ደማቸው ፈላ። «ስድስት ዓመት የተመላለስሽበት አውቶቡስ ነው። ክንድ የሚያህል ፊደል ግንባሩ ላይ ተጽፎ እንዴት አላየሁትም ትያለሽ? ንቀት ነው?»

«ንቀትስ የለብኝም» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግንባሩ ላይ የተጻፈው ለአላፊ አግዳሚው ይሆናል። ለእኛ ለደንበኞችዎ ከሆነ ግን ከኋላው ያስጽፉልን። ዳገቱን ስንገፋው ዓይናችን የሚያርፈው እዚያ ነው።»