አልቆምም ያለው መሪ

ተረት ተረት። የላም በረት አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ላም የለችም። ያለው መሪ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ይማም የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ነድተዋል። ከዚያ ግራ ዓይናቸው ጠፋ፣ መንጃ ፈቃዳቸውም አብሮ ሄደ። እነሆ ስድስት ዓመት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው መኪና ያያሉ። መኪና ማርሽ ሲቀይር በሰሙ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። እሳቸው አያውቁትም፤ ልጃቸው ዘሃራ ግን ታየዋለች።

ዘሃራ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ካርቶን ተሸክማ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ መሪ አለ፤ የነዳጅ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫም አለ። ከኮምፒዩተር ጋር ሲገጠም ቴሌቪዥኑ ላይ መንገድ ይመጣል፤ መሪው ሲዞር በቴሌቪዥኑ ያለው መኪና ይዞራል።

«ሰው አይገጭም፣ ፈቃድ አይጠየቅም፣ አባዬ» አለቻቸው።

ጋሽ ይማም መሪውን አገላብጠው አዩት። «አንድ ዙር ብቻ» አሉ። «አንድ ዙር ብነዳ ይበቃኛል።»

መሪውን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አጥብቀው አሰሩት። መሪው ግን በሆዱ ሞተር አለው፤ ኩርባ ሲመጣ እንደ እውነተኛው መሪ ይታገላል። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጠረጴዛው ከመሪው ጋር አብሮ ዞረ፣ ጋሽ ይማምም ከነወንበራቸው ግድግዳው ጋ ደረሱ። መሪው ያለ ብረት አልቆምም አለ።

ዘሃራ ወደ በያጁ ወደ እንድሪስ ሄደች። «እንድሪስ፣ ብረት በይድልኝ። መሪው ያለ ብረት አልቆምም ብሏል፤ አባዬም ያለ መሪ አይነዱም።»

«የሚቀመጡት ምን ላይ ነው?» አላት። «ከወንበሩ እስከ መሪው፣ ከወንበሩ እስከ ፍሬኑ ካልለካሁ ጉልበታቸው አገጫቸውን ይመታል። ያለ ወንበር ብረት አልቆርጥም። የመኪና ወንበር አምጪ።»

ዘሃራ ወደ ጋራዥ፣ ወደ መካኒኩ ወደ ወንድይፍራው ሄደች። እዚያ ጎማ የሌለው አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የሾፌሩ ወንበር ግን ደህና ነው። «ወንድይፍራው፣ ወንበር ፍታልኝ። በያጁ ያለ ወንበር ብረት አልቆርጥም ብሏል፤ መሪው ያለ ብረት አልቆምም ብሏል፤ አባዬም ያለ መሪ አይነዱም።»

ወንድይፍራው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ለጋሽ ይማም ከሆነ በነፃ ውሰጂው። ግን አልፈታውም» አለና የመኪናውን በር ከፈተላት። ወንበሩ ላይ ድመት ተኝታለች፤ አራት ግልገሎች ተደርድረው ይጠባሉ። «እሷ ሳትወርድ ወንበር አልፈታም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ዘሃራ ወደ ድመቷ ዞረች። ሌላ ሰው እንደማያያት አረጋግጣ ተናገረች። «እመት ድመት፣ ይውረዱልኝ። መካኒኩ እርስዎ ሳይወርዱ ወንበር አልፈታም ብሏል፤ በያጁ ያለ ወንበር ብረት አልቆርጥም ብሏል፤ መሪው ያለ ብረት አልቆምም ብሏል፤ አባዬም ያለ መሪ አይነዱም።»

ድመቷ በቃል አልመለሰችም። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ግልገሎቹን አወረዱላት። አንድ በአንድ አንጠልጥላ ወደ ወንበሩ መለሰቻቸው። ሦስት ጊዜ አወረዱ፣ ሦስት ጊዜ መለሰች። ጋራዡ መዶሻና ጩኸት ነው፤ ጸጥታ ያለው ወንበሩ ላይ ብቻ ነው።

«ከኋላ ያለው መጋዘን ጸጥ ያለ ነው» አለ ወንድይፍራው። «ቁልፉ ግን ሰይድ ጋ ነው።»

«የትኛው ሰይድ?»

ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ ብሎን መፈለግ ጀመረ። ዘሃራም ገባት።

ሰይድ ሃያ ዓመት የጋሽ ይማም ረዳት ነበር። አብረው ጎማ ቀይረዋል፣ በአንድ ትሪ በልተዋል። ከስድስት ዓመት በፊት ግን የድርጅታቸው ኃላፊ ቢሮ ገብቶ «ጋሽ ይማም በግራ በኩል አያዩም» ያለው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ይማም የሰይድን ስም በአፋቸው አልጠሩም።

ዘሃራ መጋዘኑን ወደሚጠብቀው ወደ ሰይድ ሄደች። «ጋሽ ሰይድ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ድመቷ ያለ መጋዘን አልወርድም ብላለች፤ መካኒኩ ድመቷ ሳትወርድ ወንበር አልፈታም ብሏል፤ በያጁ ያለ ወንበር ብረት አልቆርጥም ብሏል፤ መሪው ያለ ብረት አልቆምም ብሏል፤ አባዬም ያለ መሪ አይነዱም።»

ሰይድ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። «ስድስት ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ ሰላም እላለሁ። አንድ ቀን አልመለሱልኝም። ራሳቸው መጥተው ይጠይቁኝ።»

ዘሃራ ወደ ቤት ተመለሰች። «አባዬ፣ ይሂዱ። ጋሽ ሰይድ አንቱ ሳይመጡ ቁልፍ አልሰጥም ብለዋል፤ ድመቷ ያለ መጋዘን አልወርድም ብላለች፤ መካኒኩ ድመቷ ሳትወርድ ወንበር አልፈታም ብሏል፤ በያጁ ያለ ወንበር ብረት አልቆርጥም ብሏል፤ መሪው ያለ ብረት አልቆምም ብሏል፤ አንቱም ያለ መሪ አይነዱም።»

«አልሄድም» አሉ ጋሽ ይማም።

ዘጠኝ ቀን አልሄዱም። በዘጠነኛው ቀን ምሳ ላይ ዘሃራ እንጀራውን ቆርሳ እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ በያጁ እምቢ ያለበት ምክንያት አለው። መካኒኩም አለው። ድመቷ እንኳ ምክንያት አላት። የአንቱ ምክንያት ምንድን ነው?»

ጋሽ ይማም እንጀራቸውን ጨረሱ። በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ሰይድ ከሩቅ ሲያያቸው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሰይድ።»

«አቤት፣ ጋሽ ይማም።»

«ያን ቀን ምን አየህ?»

«የሀርቡን ከተማ አልፈን ነበር። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ በግራ ዳር ትሄዳለች። መኪናችን ወደ ግራ ወጥቶ ነጠላዋን ይዞባት ሄደ። ወደቀች፤ ደግነቱ ተነሣች። አንቱ ስለ ሽንኩርት እያወሩኝ ነበር።»

ጋሽ ይማም ይህን አያውቁም ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩዎት እኮ። ሁለት ጊዜ። ነፋስ ነው አሉኝ።»

ጋሽ ይማም መሬት መሬት አዩ። የሚያየው ደህናው ዓይን ብቻ ነው፤ ያለቀሱት ግን ሁለቱም ናቸው።

«ዘግይተሃል» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ትተህ ቶሎ ለኃላፊው መናገር ነበረብህ። በል ቁልፉን ስጠኝ፤ ድመት እየጠበቀችኝ ነው።»

ያን ጊዜ ጋሽ ይማም ጠየቁ፣ ሰይድ ቁልፉን ሰጠ፣ ቁልፉ መጋዘኑን ከፈተ፣ ድመቷ ግልገሎቿን አንጠልጥላ ገባች፣ መካኒኩ ወንበሩን ፈታ፣ በያጁ ለካ፣ ቆረጠ፣ በየደ፣ መሪውም በብረቱ ላይ ቆመ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ይማም ወንበሩ ላይ ወጡ። ሰይድ ከኋላቸው ቆመ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሃያ መኪና ተሰልፎ ተነሣ። በሁለተኛው ኩርባ ላይ ጓ! አለ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ከግራ።»

ሰይድ በርጩማ ስቦ በግራ ጎናቸው ተቀመጠ። «ግራዎ ነፃ ነው፣ ይሂዱ። አንድ እየመጣ ነው፣ ቀኝዎን ይያዙ። አለፈ። አሁን ይርገጡት!» ጋሽ ይማም ረገጡት። ኩርባውን ያዙ፣ ማርሽ ቀየሩ፣ ዙሩን ጨረሱ። ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ስንተኛ ወጣን?» አሉ።

«አሥራ ዘጠነኛ» አለ ሰይድ።

«ሃያኛውስ?»

«የገጨነው ነው።»

ተረቴ እዚህ ፍሬን ያዘ። ዳቦ ያለው ዳቦውን ያቀብለኝ፤ ዳቦ የሌለው ተረቱን ለጎረቤቱ ያቀብል።