የበረካው ቢላዋ

«ሸኽዬ፣ የሱ ብርቱካን ብቻ ለምልሞ የኛ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ይኼ የሰው ዓይን ካልሆነ ታዲያ ምንድነው?»

እትዬ ሐፍሷ ከብርቱካናቸው ግንድ የሚንጠባጠበውን ሙጫ በጣታቸው ያሳያሉ። «የሱ» የሚሉት ካቻምና ወደ ሰፈሩ የገባውን፣ ሽፋ የሚባለውን ሸማኔ ነው። ጎረቤቱ መክሮበታል። ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት በፊት ለቅቆ ይሂድ ተብሏል። አህያው ደጁ ላይ እየተጫነ ነው።

ሸኽ ሙዘይን ሙጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ዙሪያዋን በግንብ በታጠረችው በዚህች ከተማ ሰባ ዓመት ኖረዋል። ክረምት ሲወጣ እሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ካልቆረጡ ማንም ዛፉን አይነካም። እጃቸው በረካ አለው ይባላል። ከግቢ ግቢ ይዞራሉ፣ በአንዲት ቢላዋ።

ተንበርክከው ቅርፊቱን ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ ቡናማ፣ የበሰበሰ። ቁስሉን በጣታቸው ወደ ላይ ተከተሉት። የተነሳው ራሳቸው ከቆረጡበት ቦታ ነው።

ቀጣዩ ግቢ ገቡ። እዚያም ከቆረጡበት።

ሦስተኛው። እዚያም።

የሸማኔውን ዛፍ ግን ቆርጠው አያውቁም። ወደ እንግዳው ደጅ የጠራቸው ሰው አልነበረም።

ዝም ቢሉ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢላዋዋን ከወገባቸው መዘው ጎረቤቱ ወደ ተሰበሰበበት መንገድ ወጡ።

«ጀመዓ፣ ስሙኝ። በሽታውን ከግቢ ግቢ ያዞርኩት እኔ ነኝ። የታመመ በቆረጥኩበት ስለት፣ ሳላጠራው፣ ጤነኛውን ቆረጥኩ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ሐፍሷ። «የርስዎ እጅ እኮ በረካ ነው!»

«በረካው የአላህ ነው፣ ሐፍሷ። እድፉ የኔ።»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። አንዱ ብቻ፣ «ዛፋችንስ?» አለ።

«የታመመውን ከቁስሉ በታች፣ ንጹሁ እንጨት እስኪታይ ቁረጡ። የወደቀውን አቃጥሉ። ስለቱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱ በፍም አግሉት። በዝናብ ቀን አትንኩት። ግንዱ ዙሪያውን የበሰበሰ ግን አይድንም፤ ይነቀል። የኔም ዛፍ እንዲያ ነው፤ ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ።»

ከዚያ ወደ አህያው ሄደው የሽመናውን እንጨት ማውረድ ጀመሩ።

«ኧረ ይተዉት አባባ፣ ይከብድዎታል» አለ ሽፋ።

«እስካሁን ከያዝኩት ቢላዋ አይከብድም።»

ስሙን ለማዳን የሰው ቤት የሚያፈርስ ብዙ ነው። እኚህ ሰው ስማቸውን አፍርሰው የሰው ቤት አቆሙ። ትዕግሥትም ሶላትም የሚፈተነው እንዲህ ባለች ሰዓት ይመስለኛል።

እትዬ ሐፍሷ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የአህያውን ገመድ ፈቱ። የመጨረሻው ዕቃ ወደ ቤት ተመለሰ። የዐስር አዛን ተሰማ። የሽፋ በር ከውስጥ ተዘጋ።