ለሽማግሌው ጸሐፊ የተቀረጸ ፊደል

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ፊደል መቅረጽ ነበር።»

የኔታ መልአኩ ነገሩን እንዲህ ብለው ጀመሩት። ደቀ መዝሙራቸው ልሳነወርቅ፣ ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉትን አጎቱን ሊያመሰግን አስቦ፣ «የኔታ፣ ብዙ ብናገር ሽንገላ ይመስልብኛል፤ ጥቂት ብናገር ደግሞ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ምስጋናዬን በምን ልስፈረው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ይህ ቀራጭ በአንድ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ትንሹን ፊደል ከእርሳስ አቅልጠው ያወጡታል፤ ለርእስና ለማስታወቂያ የሚሆነውን ትልቁን ግን እሱ ከወይራ እንጨት በመሮና በቢላዋ ይቀርጸዋል። የፊደልን መልክ ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ሰባት ዓመት ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ከማዕዳቸው አብልተው፣ መቃ አቀራረጹን፣ ቀለም አበጣበጡን፣ መስመር አጣጣሉን ሁሉ አሳይተውታል። እሱ ግን ከተማ ገብቶ ሥራ ሲይዝ በዚያው ቀረ። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ከሽማግሌው አገር የመጣ መንገደኛ የእሳቸው ዓይን እንደ ደከመ፣ መጽሐፉን ዘርግተው ጥቂት ካዩት በኋላ መልሰው እንደሚያጥፉት ነገረው። ቀራጩ አሰበ። ለእኚያ ሰው ሳይደርስላቸው ዓይናቸው ጨርሶ ቢጠፋ፣ የእጁ ሙያ ሁሉ ምን ይረባዋል? ወዲያው የወይራ ጣውላ አስፈልጦ፣ እሳቸው ሊያነቡት የሚችሉት ወፍራም ፊደል ሊቀርጽ ተነሣ።

ከሥራ ሰዓት በተረፈችው ጊዜ ሁሉ ቀረጸ። እግሩ እንደ ምሰሶ ግርጌ የሰፋ፣ ራሱ የከበደ፣ ቋሚውም አግዳሚውም እኩል የደነደነ ፊደል አወጣ። ውለታው ትልቅ ነውና ፊደሉም ይክበድ ብሎ ነበር ያሰበው። በዚያ ፊደል አንድ ሙሉ ገጽ ምስጋና አተመ። የዕውቀት ምንጭ አላቸው፣ የዘመኔ ፋና አላቸው፣ ሌላም ሌላም እያለ ወረቀቱን ክፍት ቦታ እስኪታጣበት ሞላው። ወረቀቱንም ፊደሎቹንም ይዞ መንገድ ገባ።

ሽማግሌው በድምፁ አወቁት። የት ጠፍተህ ኖርክ አላሉትም፤ አቅፈው ሳሙት። ምን እንዳመጣላቸው ሲነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ደጅ ወጡ። ወደ ፀሐይ አዞሩት። አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ልጄ፣» አሉት በመጨረሻ፣ «ጥቁረቱን አየሁት። ፊደሉን ግን አላየሁትም።»

ቀራጩም ከዚህ የበለጠ አወፍሮ እንደሚያመጣላቸው ነገራቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ከእንጨቱ ፊደል አንዱን እንዲሰጣቸው ጠየቁት። «መ»ን አውጥቶ ሰጣቸው። በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ግራና ቀኙን በጥፍራቸው ፈለጉ።

«የመ ፊደል ሁለት ዓይኖች የት ሄዱ? ደፈንካቸው እኮ። ፊደል በጥቁሩ ብቻ አይነበብም፤ ጥቁሩ በሚተውለት ነጭ ነው የሚነበብ። ወደ ታች ስትወርድ ይወፍር፣ ወደ ጎን ስትሄድ ይቅጠን ብዬ መቃ ያስያዝኩህ ለጌጥ መሰለህ?»

ቀራጩ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠ፤ ቢላዋውን አወጣ። የደከመበትን ሥራ መቁረጥ እጁን ከበደው፤ ሆኖም ቆረጠ። ቋሚውንና እግሩን እንደ ወፈረ ትቶ አግዳሚውን አቀጠነ፤ የተደፈነውን ዓይን ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተ። ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌው ጎኑ ተቀምጠው እያንዳንዱን ፊደል እየዳሰሱ፣ ይኼ ይቀረዋል፣ ይኼ በቅቶታል ይሉት ነበር። ቀራጩም የእጃቸውን ሙቀት በየፊደሉ ላይ ሲያገኘው፣ እንደገና ተማሪያቸው በመሆኑ ልቡ ሞላ።

በአራተኛው ቀን ፊደሎቹን ቀለም ቀብቶ በእጁ ሊያትም አሰናዳ። አሁን ግን ፊደል ከፊደል አራርቆ ሲደረድር ያ ሁሉ ውዳሴ አልገባ አለ። ምንጩን አወጣ፣ ፋናውን አወጣ። በአንድ ገጽ ላይ የቀሩት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ጣታቸውን ከሥር እያስኬዱ፣ «እርስዎ... አስተማሩኝ» ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡት። እንባቸው በጺማቸው ወረደ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን እየለመንኩ ኖርኩ፤ ዛሬ በገዛ ዓይኔ አነበብኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ቀራጩ ሊያመሰግን ሄዶ ተመስግኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው እስኪያርፉ ድረስ፣ በዚያ ፊደል ከዳዊት ጥቂት ጥቂት መስመር እያተመ ይልክላቸው ነበር። ማተሚያ ቤቱም ፊደሉን ወደደው። የማተሚያ ቤቱ ጌታ አንድ ጊዜ መጽሐፍ በሙሉ በሱ ቢያሳትም፣ ገዢዎች ፊደሉ ይጮኽብናል ብለው መጽሐፉን መለሱለት። ከዚያ በኋላ ለርእስ፣ ለሱቅ ደጃፍ ስምና ለገበያ ቀን ማስታወቂያ አደረገው፤ የገበያው ሰውም ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያነበው ጀመር።

የኔታ መልአኩ ወደ ልሳነወርቅ ዞሩ።

«ምስጋናህም እንደዚያ ፊደል ይሁን። አታቅጥነው፤ ከሩቅ ይታይ፣ በእግሩ ይቁም። ነገር ግን በውዳሴ አትድፈነው። ያደረጉልህን በቃላትህ ብዛት ከሸፈንከው፣ አጎትህ ራሳቸው እንኳ አያዩትም። ለመሆኑ ምን አደረጉልህ?»

ልሳነወርቅ ብዙ አሰበ።

«ክረምት ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ በትከሻቸው አሻግረው ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሂድና ይኸንኑ ንገራቸው፤ ሌላ አትጨምርበት።»