የአሰልጣኝ ሸዋንግዛው ድምፅ ቆጠራ

አንድ ቀን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ፍል ውሃው መዋኛ ዳር ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። የጠራው አሰልጣኝ ሸዋንግዛው ነው። ሸዋንግዛው ጎልማሶችን ዋና ያሠለጥናል፤ እሱን ራሱን ግን ከጥምቀት ጠበል በቀር ውሃ ነክቶት አያውቅም። ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ፊሽካውን ነክሶ፣ «ክንድ! ክንድ!» ሲል ይውላል። የድስት ክዳን የሚያህል ፕላስቲክ በየመዳፉ አስሮ በቀን መቶ ጊዜ ያልተመላለሰ ሰው ለእሱ ዋናተኛ አይደለም። «ትከሻዬን አመመኝ» ላለው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ሃምሳ ጨምር!»

ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ እንግዳሸት ጎሚስታው ግን ትከሻው ሲወጋው ቀጥ ብሎ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ባለሙያዋም «ጅማቱ ተቆጥቷል። ስድስት ሳምንት ክንድህን ከራስህ በላይ አታወናጭፍ። በእግርህ ብቻ ዋኝ፤ ትከሻህን ላስቲክ እየሳብክ አጠንክር፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ትመለሳለህ» አለችው። ላስቲክ ለጎሚስታ ምን ገዶት! ካሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፣ ቆርጦ የበሩ እጀታ ላይ አሰረና ጠዋት ማታ ይስብ ጀመር። መዋኛው ውስጥ ደግሞ የሚንሳፈፍ ሰሌዳ ይዞ በእግሩ ብቻ ውሃውን እየደበደበ ይመላለሳል። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ውጋቱ ለቀቀው፤ ክንዱንም በጥቂት በጥቂቱ ሥራ አስጀመረው።

ሸዋንግዛው በዚህ ደሙ ፈላ። ዓመታዊው ሐይቁን በዋና የማቋረጥ ውድድር አንድ ወር ቀርቶታል፤ እንግዳሸት ደግሞ ለዚያ ቀን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ኖሯል። ስብሰባው እንግዲህ ስሙን ከተሻጋሪዎች ዝርዝር ለማስፋቅ ነው።

«ይኸውላችሁ!» አለ ሸዋንግዛው፣ «እናንተ ስትቀዝፉ እሱ እንደ ዳክዬ በእግሩ ሲጫወት ከረመ! ክለቤ የአልጋ ቁራኛ ማገገሚያ ነው እንዴ?»

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣» አለ እንግዳሸት፣ «እኔ ጎማው የፈነዳበትን ሰው ‹ሃምሳ ኪሎ ሜትር ጨምርበት› ብዬ ብመልሰው ደንበኛ ይኖረኝ ነበር?»

«አንተ ጎማህን ለጥፍ! ትከሻ ለኔ ተወው! እነዚህ ሠላሳ ሰዎች አንድ ቀን እንኳን አርፈዋል? ታዲያ ምን ሆኑ?»

ምን ሆኑ? አንዱን ሸሚዝ የምታለብሰው ሚስቱ ናት። አንዱ ጠጉሩን ማበጠር ቢያቅተው ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። አንዱማ እንግዳ ሲሸኝ የሚያውለበልበው እግሩን ነው ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ። ብቻ ሁሉም አሰልጣኙን ይፈሩታል።

«ይበቃል፣ በድምፅ ይለይ!» አለ ሸዋንግዛው። «ስሙ ይሰረዝ የምትሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ! ከጆሮ በላይ ያልወጣ እጅ አልቆጥርም!»

ያን ጊዜ ሠላሳ ትከሻ እንደ አሮጌ የቆርቆሮ በር ተንቋቋ። የአንዱ እጅ ደረቱ ላይ ቀረ። አንዱ ቀኙን በግራው ደግፎ እስከ አገጩ ካደረሰ በኋላ «ወይኔ!» ብሎ ለቀቀው። ሸዋንግዛው ጆሮ ጆሮውን እያየ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረ። አንድም የለም።

«ፈሪ ሁላ!» ብሎ ጥርሱን ነከሰ። «የሚቃወምስ?»

እንግዳሸት ያንኑ ታሞ የነበረ ክንዱን እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ አድርጎ አቆመው። የክለቡ ጸሐፊ «አንድ ለዜሮ፤ አይሰረዝም» ብሎ ጻፈ።

ሸዋንግዛው ከት ብሎ ሳቀ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እጅ! አታፍርም?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣» አለ እንግዳሸት እጁን ሳያወርድ፣ «ክለቡ ውስጥ የቀረው ደህና ትከሻ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎን ያልሰማው።»

በማግሥቱ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደጃፍ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ተገኘ፤ በሩን ያንኳኩትም በግንባራቸው ነው አሉ።