አያ ጅቦ የሸመደደው ንግግር

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በቅጡ ሳይዘንብ ባለፈበት ዓመት፣ የደጋው ምንጮች ሁሉ ደረቁ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከገደሉ ሥር፣ ከንጉሥ አንበሳ ደጃፍ የሚፈልቀው። የጠማው ሁሉ ሌላ የት ይሂድ? በጉም፣ ፍየሉም፣ ከርከሮውም እየተጋፋ ወረደ። ውሃውን ረገጡት፣ አንቦጫረቁት፣ ጭቃ አደረጉት። አንበሳ አንድ ቀን ጠዋት ሊጠጣ ቢያጎነብስ አፉን ጭቃ ሞላው። ያን ዕለት ያገሳው ማግሳት ደጋው ድረስ ተሰማ።

«ከእንግዲህ እዚህ ምንጭ ውስጥ እግሩን ያስገባ ራቴ ነው!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

አዋጁ ተነገረ እንጂ መች ተከበረ! ጥም አዋጅ አይሰማም። እየተሹለከለኩ ይወርዱ ነበር፤ አንዳንዱም እንደወረደ ይቀር ነበር። በመጨረሻ የደጋው እንስሳት መክረው «አገር ለቀን ወደ ሩቁ ወንዝ እንሂድ» ብለው ቆረጡ።

ይህን ዳልቺት የምትባል አህያ ሰማች። ጉልበቷ የዛለ፣ ከደጃፏ ወዲያ የማትሄድ አሮጊት እናት ነበረቻት። ጥላት እንዳትሄድ እናት ናት፤ አብራት እንዳትቀር ጥሙ አለ። ስታወጣ ስታወርድ ከርማ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ሁሉም ወርዶ ከሚያንቦጫርቀው፣ እኔ ብቻዬን በሁለት ቅል እየቀዳሁ ለሁሉም ባመላልስስ?»

ደግ ሐሳብ ነው! ግን አንበሳ ካልፈቀደ ምን ዋጋ አለው? ደግነቱ የሸንጎ ቀን ቀርቦ ነበር። በሸንጎ ቀን ንጉሡ ጠግቦ ይቀመጣል፤ ጉዳይ ይዞ የቀረበም አይበላም። የቆየ ሕግ ነው።

«መናገሩን ግን የት አውቄበት!» አለችና ወደ እመት ቀበሮ ሄደች።

እመት ቀበሮ አፈ ቅቤ ናት። ጉዳዩን ገና ሳትጨርስላት «ተይው፣ ገብቶኛል!» አለቻት። «ያለ ንግግር ሸንጎ መግባት ያለ ጭራ ዝንብ ማባረር ነው። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትይዣለሽ።»

ከዋርካው ሥር ተቀመጡና ቀበሮ ትል ጀመር፤ «ጎፈርዎ ወርቅ፣ ድምፅዎ መብረቅ፣ የአራዊት ሁሉ አለቃ! እነሆ ጀርባዬ፣ ሰፊ ነው ትከሻዬ፣ ከድንጋይ የጠነከረ ሰኮናዬ፣ ውሃ ልሸከም ጌታዬ!»

ዳልቺት ተከትላ አለች። አንዴ «ሰፊ ነው ሰኮናዬ» ብትል ቀበሮ ራሷን ይዛ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። እንደገና ጀመሩ።

ለካስ ከቁጥቋጦው ኋላ አያ ጅቦ ተጋድሞ ያዳምጥ ኖሯል። ውሃውን ለማን አስቦ መሰላችሁ! የንጉሥ ፈቃድ ይዞ ደጋ ከወጣ፣ ከበጎቹ በረት ወደ ፍየሎቹ በረት እንደ ቤተ ዘመድ ሊገባ ነዋ። ምራቁን እየዋጠ ያጠና ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ አንዲት ነገር ጨምሪልኝ» አለች ዳልቺት። «መንገዱ ላይ ያ ጅብ አለ። እሱ እያለ እንዴት እመላለሳለሁ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል!»

ይህን ጊዜ ነፋሱ ዞረና ቀበሮ አፍንጫ ውስጥ የምታውቀው ሽታ ገባ። ቁጥቋጦውን በጎን አየት አደረገችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መጨረሻው ላይ እንዲህ በይ» አለች። «‹በዚህም መንገድ ላይ ጅብ የሚባል ዘር ድርሽ እንዳይል ይታዘዝልኝ!› ልብ አድርጊ! ከዚህ ንግግር አንዲት ቃል የጎደለች እንደሆነ ፈቃዱ ቀረ በይው!»

«አንዲትም አላጎድል» ብሎ አያ ጅቦ ለራሱ ማለ። እሱ መች አኝኮ ያውቃል? ንግግሩንም እንደ ሥጋው ሳያላምጥ ዋጠው።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄ ግን በሚያውቁት አገር፣ ማንም ሳይጠራው፣ ፊት ለፊት ጉብ አለ። ዳልቺት ስትደርስ እሱ ጉሮሮውን እየጠራረገ ነበር።

«ጎፈርዎ ወርቅ፣ ድምፅዎ መብረቅ!» ብሎ ጀመረ።

ዳልቺት ጆሮዋ ቀጥ አለ። ንግግሯ! ሰኮናዋ እስኪግል ወዲያ ወዲህ እያለች ያጠናችው ንግግር! እንዳትጮህ ሸንጎ ነው፣ ዝም እንዳትል እናቷ ውል አለቻት።

አንበሳ ግን ያዛጋ ነበር። ጎፈሩ ወርቅ መሆኑን ከተወለደ ጀምሮ ሲነግሩት ኖረዋል።

«...ከድንጋይ የጠነከረ ሰኮናዬ...»

«ቆይ» አለ አንበሳ፣ ወደ ጅቡ እግር እያየ። «የቱ ሰኮና?»

አያ ጅቦ ወደ መዳፉ አየና ደነገጠ። «ው... ውስጥ ነው ያለው፣ ጌታዬ።»

ሸንጎው ተንሾካሾከ። «ይሁን እሺ» አለ አንበሳ። «ውሃውን ተሸከምህ እንበል። ትርፉስ?»

አያ ጅቦ ይህን አላጠናም። ሆኖም ስለ ትርፍ እሱን ማን ያስተምረዋል? ደረቱን ነፍቶ «ትርፍ አያስቡ፣ ጌታዬ! እኔ ባለሁበት ትርፍ ተርፎ አያውቅም!» አለ። «አጥንቱንም ቆዳውንም አላስቀር!»

«እኔ የጠየቅሁህ ከዚህ ነገር ምን አተርፋለሁ ብዬ ነው፣ አንተ ሆዳም! በል፣ ጨርሰሃል?»

«አይ፣ ጌታዬ! አንዲት ትቀራለች። እሷ ከጎደለች ፈቃዱ ይቀራል።» ዓይኑን ጨፈነና በአንድ ትንፋሽ ለቀቃት። «በዚህም መንገድ ላይ ጅብ የሚባል ዘር ድርሽ እንዳይል ይታዘዝልኝ!»

ከዚያ ጦጣ ከቅርንጫፏ ላይ ወደቀች በሳቅ። ሁሉም ፈነዳ፤ ከርከሮው ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አያ ጅቦ ያለውን ነገር አሁን ገና ሰማው።

«ጌታዬ፣ ይቺ የመጨረሻዋ የኔ አይደለችም! የአህያዋ ናት!»

«የማንም ትሁን፣ የለመንኸውን ሰጥቼሃለሁ» አለ አንበሳ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንገድ ላይ ጅብ ድርሽ አይበል። አንተው ጀምረው!»

አያ ጅቦ ጭራውን ቆልፎ ሲፈረጥጥ አቧራው ብቻ ቀረ።

«ቀጣይ!» አለ አንበሳ።

ዳልቺት ቀረበች። አፏን ብትከፍት የምትለው የለም፤ ያላትን ሁሉ ጅብ ብሎላታል። እንደገና «ጎፈርዎ ወርቅ» ብትል ደግሞ መሳቂያ መሆኗ ነው። ከሸንጎው መሀል እመት ቀበሮ ‹በይ እንጂ!› እያለች በዓይኗ ትጠቅሳለች። ዳልቺት አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሊመጣ ሲል፣ ቀና ብላ አንበሳን አየችው። በጢሙ ላይ የጠዋቱ ጭቃ ደርቆ ነበር።

«ጌታዬ» አለች፣ «ዛሬ ጠዋት ውሃው እንዴት ነበር?»

አንበሳ ዓይኑን አፈጠጠ። «ምን አልሽ?»

«ውሃውን ነው፣ ጌታዬ። ይጠጣል?»

«ይጠጣል ወይ አልሽኝ? ኧረ ተይኝ!» አለና ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ። «ትናንት የፍየል ፀጉር፣ ዛሬ የከርከሮ ጭቃ! ንጉሥ ነኝ እየተባልሁ አተላ እጠጣለሁ! ሆዴን ሲቆርጠኝ ያድራል። ምንጩን ልጠብቅ ብል ማደኛ ጊዜ አጣሁ፤ ላድን ብል እነሱ ገብተው ይዋኙበታል። ደግሞ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ስለ ጎፈሬ ያወራል እንጂ፣ እስከ ዛሬ አንድ ‹ውሃህ እንዴት ነው?› ያለኝ የለም!»

«አይ ጌታዬ፣ ይህስ ያሳዝናል» አለች ዳልቺት፣ ከልቧ ነበር። «ምን ቢሆን ይሻልዎታል?»

«ምን ቢሆን? ይሄ ሁሉ ከሚግተለተል አንድ ረጋ ያለ ብቻ ቢወርድ! ለሁሉም እሱ ወስዶ ቢያድል! ግን እሱስ ቢሆን እግሩን ነክሮ ያደፈርሰው የለም?»

«ከምንጩ ለምን ይቀዳል፣ ጌታዬ? ከምንጩ በታች ሞልቶ የሚፈሰው አለ አይደል? ዝም ብሎ አሸዋ ውስጥ የሚገባው። እኔ ዝቅ ብዬ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ከዚያ ብቀዳ፣ የርስዎን ውሃ ሰኮናዬ አይነካውም። ሌላውም ውሃው ደጁ ድረስ ከመጣለት፣ ለመበላት ምን አቃዥቶት ይወርዳል?»

አንበሳ ተቀመጠ። ጢሙን በመዳፉ ጠረገና የጠረገውን ጭቃ ትክ ብሎ አየው።

«አንቺ ሴት» አለ በመጨረሻ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? በይ፣ ቅልሽን አምጪ!»

ዳልቺት ያን ዕለት ሁለቱን ቅል ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ ደጋው ጓዙን አስሮ ሊነሣ ተሰልፎ ነበር። ውሃው ሲንቦጫቦጭ የሰማ ሁሉ የተሸከመውን እየጣለ መጣ። እሷ ግን ሁሉንም «ቆዩኝ» ብላ በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደች።

አሮጊቷ ጠጣች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ጠጣች። ከዚያ ቀና ብላ «ልጄ፣ ያን የሚያስፈራ ጌታ ምን ብለሽ አሳመንሽው?» አለቻት።

«ምንም አላልኳቸው፣ እማ። ንግግሬን ጅብ በላው። ውሃው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ የቀረውን እሳቸው ራሳቸው ተናገሩት።»

እናቲቱን ሳቅ አፈናት፤ ውሃው በአፍንጫዋ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ሰውን ለማሳመን የሚሄድ ሰው የራሱን አንደበት ከማሳመር አስቀድሞ የሚያሳምነውን ሰው ጭንቀት ጠይቆ መስማት እንዳለበት ነው።