ቦዩን ማን አዞረው?

ጆሮ ያለህ ቅረብ፣ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ!

በድሮ ዘመን አንድ ምንጭ የሚካፈሉ ሦስት ሰፈሮች ነበሩ፤ ላይ ሰፈር፣ መሐል ሰፈር፣ ታች ሰፈር። ውሃው በቦይ ይወርድና በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ተራው ይዞራል። ዛሬ ለላይ፣ ነገ ለመሐል፣ ከነገ ወዲያ ለታች።

ተራውን የሚያዞረው የውሃ አባት የሚባል ደግ ሽማግሌ ነበር። የአንዱን ቦይ አፍ ሣር በያዘ ጓል ይደፍናል፣ የሌላውን ይከፍታል። ሥራው ይኸው ነው።

የውሃ አባት ሞተ። ላይ ሰፈር «ከእኛ ይሾም» አለ። መሐል ሰፈር «ከእኛ!» አለ። ታች ሰፈር «ሞተን ነው ቆመን? ከእኛ!» አለ። ማንም ሳይሾም ሦስት ዓመት አለፈ። ውሃው ግን፣ ልጆቼ፣ አንድም ቀን ተራውን አልሳተም!

በታች ሰፈር ደምለው የሚባል ምላሰ ስል ገበሬ ነበር። «አያችሁ?» አለ። «ውሃው ያለ አባት ተራውን ያውቃል። ፀሐይም ታውቃለች፣ ዝናብም ያውቃል። ታዲያ ሰማዩ ጠባቂ ምን ያደርግለታል?»

የሦስቱን ሰፈር ልጆች ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት ቁጡው የኔታ ልሳነወርቅ መቋሚያቸውን አነሡ። «አንተ ደምለው! ሥርዓት ያለ ሠሪ? ጋቢህ ራሱን ፈተለ?»

«ጋቢዬንስ ሚስቴ ስትፈትል አይቻለሁ። የኔታ የሰማዩን ፈታይ አይተውታል?»

ጠቡ ሲከር ሽማግሌዎች ፈረዱ። «ሦስት ቀን ቦዩ ዳር ተቀምጠን እንይ። ውሃው ራሱን ካዞረ የኔታ በሕዝብ ፊት ተሸነፍኩ ይበሉ። ካልዞረ ደምለው የዘንድሮ ተራውን ይጣ።»

የደምለው በርበሬ ገና ማበቡ ነበር። ተራውን ካጣ ማሳው ገለባ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ሆነ። ውሃው አልዞረም። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ሆነ። አልዞረም። የበርበሬው ቅጠል ጠወለገ፣ የደምለውም ምላስ አብሮት። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሲሆን እንስራ ያዘለች ልጅ ብቅ አለች።

የሟቹ የውሃ አባት ልጅ ናት። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግማለች፤ ሰው ሲያያት ግን ምላሷ ይታሰራል። ቆመች፣ አቀረቀረች፣ በእግሯ ጣት መሬቱን ጫረች።

«እ... እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ጓሉን በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። ሰው እንስራውን እንጂ እኔን አያይም። ሴት ውሃ አዞረች እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው የደበቅሁት፤ እናንተ ቦዩን ስትጠብቁም ሁለት ቀን ቀረሁ። አሁን ግን በርበሬው አሳዘነኝ።»

የኔታ ዘለሉ። «ይኸው! አዟሪ አለው!»

«አዟሪዋማ የጎረቤቴ ልጅ ናት! ለእሷ ልስገድላት?» አለ ደምለው።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ግን «የኔታ፣ ተራውን ያዞርሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቁልቁል መውረድን ግን እኔ አላስተማርሁትም። ማን እንዳስተማረውም አላውቅም፤ እንዲያው ከጥንቱ ያውቅ እንደሆነም አላውቅም።»

 

ያን ጊዜ ቦዩ ቡልቅ አለና ውሃው ወደ ታች ሰፈር ዞረ!

ሁሉም እግሯን አዩ። «አንቺ ተንኮለኛ! እያወራሽን ገፋሽው!»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ እሷን የውሃ እናት አድርገው ሾሟት። ደምለው ተራውን አላጣም፤ ግን ከየኔታ ጋር ሦስት ቀን የቦይ ጭቃ እንዲዝቁ ተፈረደባቸው። ዘቁም፤ እየተከራከሩ።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፣ ልጆቼ። አሁን የምነግራችሁን አርባ ዓመት ለማንም አልነገርሁም፤ ዛሬም ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነው። ያን ቀን እግሬ ጓሉን አልነካውም። ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምሁት።

ሸርጣን ሰርስሮት ይሆናል። በዚያች ሰዓት ሸርጣኑን ማን ላከው? ወይስ ሸርጣን እንዲያው ሸርጣን ነው? ብናገር የኔታም «አሸነፍሁ» ይሉ ነበር፣ ደምለውም «አሸነፍሁ» ይል ነበር። በርበሬው ውሃ እየጠጣ ስለ ነበር ዝም አልሁ።

እናንተም ያላያችሁትን የለም ለማለት፣ ያላያችሁትንም አየሁ ለማለት አትቸኩሉ። ተራችሁ ሲደርስ ግን ጓሉን ገፋ አድርጉ።

እንስራዬን አወረድሁ፤ የጠማው ይቅዳ።